ስለ ዙም ስብሰባ ድካምና ስለ ጀርባው ምስል

ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሸክም ሳይሸከምና መንገድ ሳይሄድ፣ ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒውተሩ ገጽ የባልደረቦቹን ፊት ሲመለከት ቆይቶ በመጨረሻው እንደ ቀን ሠራተኛ ዝሎ ቢገኝ፣ ይህን ስንፍና ብሎ የሚነቅፍ ሁሉ ከድካመ ሥጋ ሌላ ድካመ ሕሊና መኖሩን አላስተዋለም።

ነገሩ በዓለም ሁሉ የታወቀው በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 መጨረሻ በቀን 10 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዙም ስብሰባ ተሳትፎ በ2020 ኤፕሪል ወደ 300 ሚሊዮን በደረሰ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ በባዕድ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሰንበት ጉባኤና የማኅበር ጸሎት ጭምር በዚያች ጠባብ መስኮት ይፈጸም ነበር።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በሥርዓተ ተፈጥሮ በአንድ ክንድ ርቀት ተፋጥጠው የሚተያዩት ወይ እጅግ የሚዋደዱ ወይ ለጠብ የተነሣሡ ሰዎች ሲሆኑ፣ በመስኮቱ ስብሰባ ግን አለቃውም ባዕዱም በአንድነት፣ ያለ ፋታ፣ ከቅርብ ያፈጥጡብናል፤ በአካል ስንገናኝ ሳናስበው የምንለዋወጠው ምልክትም በካሜራው ፊት ስለሚደበዝዝ፣ ሰሚው መስማማቱን ለመግለጥ ራሱን አብዝቶ ይነቀንቃል፣ ተናጋሪውም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የገዛ መልክን እያዩ መነጋገር ነው፤ ወደ ሰሚው መሄድ የሚገባው ልቡና ወደ ራሱ ተመልሶ መልኩን ሲመረምርና ሲነቅፍ ይውላልና። ቤይለንሰንና ባልደረቦቻቸው ከ10 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እጅግ እንደሚደክማቸው የተናገሩት ሴቶች ከመቶ 13.8፣ ወንዶቹ ግን 5.5 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ለልዩነቱም ዋና ምክንያት የተባለው ይኸው ራስን የማየት ጭንቀት ነው።

ጓዳን፣ የተሰጣ ልብስንና የሚሯሯጡ ሕፃናትን ከእንግዳ ዓይን ለመሰወር የምንዘረጋው ምናባዊ የጀርባ ምስልም፣ ዓላማው የተከበረ ሆኖ ሳለ፣ የራሱን ድካም ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ከካሜራው የሚመጣውን ሥዕል በየሴኮንዱ ደጋግሞ እየመረመረ፣ የትኛዋ ነጥብ ከሰውየው አካል፣ የትኛዋ ከግድግዳው እንደሆነች በስሌት ይለያል፤ ፀጉር፣ ጣትና የመነጽር ዳር ግን ለዚህ ስሌት ስለሚያስቸግሩ አንዴ ይጠፋሉ፣ አንዴ ይታያሉ፤ የተመልካቹም ዓይን ሳይወድ ወደዚያው ይሳባል። በ2020 የአንድ ጥቁር መምህር ጭንቅላት በዚሁ ልየታ ከምስሉ ተቈርጦ መጥፋቱ በይፋ የተነገረ ሲሆን፣ መሣሪያው የሰውን ሁሉ መልክ እንዲያውቅ ተደርጎ ካልተሠራ መጋረጃው ባለቤቱን ራሱን እንደሚሰርዝ አሳይቷል፤ ይህም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በሲንጋፖር የናንያንግ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ከጀርባቸው ተንቀሳቃሽ ቪዲዮ የሚያደርጉት ከሁሉ ይልቅ ሲደክሙ፣ ጀርባቸውን የሚያደበዝዙትም ከእነርሱ ቀጥለው ሲገኙ፣ የማይንቀሳቀስ ሥዕል የሚጠቀሙት ያነሰ ድካም ነበረባቸው።

ስለዚህ ስብሰባ የምትጠሩ አለቆች፣ ካሜራ መክፈትን የትጋት ምስክር አታድርጉት፤ በ103 ሠራተኞች ላይ ለአራት ሳምንት በተደረገ ሙከራ ካሜራ መክፈት ድካምን ማብዛቱ፣ ድካሙም የሰውን ተሳትፎ መቀነሱ ታይቷልና። እናንተም ተሰብሳቢዎች፣ የራሳችሁን ምስል ከራሳችሁ ዓይን ሰውሩ፤ ከጀርባችሁም የሚንቀሳቀሰውን ትታችሁ አንድ የቆመ ሥዕል ወይም ያላችሁን ግድግዳ አድርጉ።