ከቀይ ቀለም በፊት፦ የባለቤትና የግስ ስምምነትን ስለማስተማርና ስለመመዘን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ፊደል ነው፤ ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሲሆን በእንግሊዝኛ ግስ መጨረሻ ስለምትገባው «ኤስ»። ጉዳዩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ለሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ 7ኛና 8ኛ ክፍል ልጁ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚደፍርበት፣ አለዚያም ብዕሩን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው።

በኮዬ ፈጬ 7ኛ ክፍል ሳስተምር የገጠመኝን ላስቀድም። ኮዬ ፈጬ ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ በቤቱ አማርኛ የሚናገረውና አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። አንዲት ተማሪ ስለ አያቷ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። እኔም የጎደለውን «ኤስ» ሁሉ በቀይ ቀለም አከበብኩ። በሚቀጥለው ጊዜ አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ አስረከበችኝ፤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ከፍተኛ ውጤት ሰጠኋት። ትንሽ መጻፍን እንዳስተማርኳት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እነዚህ ልጆች ስምምነት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ትሄዳለች» የሚለው አንድ ቃል ባለቤቷ ሴት፣ ነጠላና ሦስተኛ መደብ መሆኗን ይነግረናል፤ ስሟን መጥራት እንኳ አያስፈልግም። በአፋን ኦሮሞም «ኢኒ ዴማ» ለእርሱ፣ «ኢሼን ዴምቲ» ለእርሷ ነው። በዚህ ረገድ ሁለቱም ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ይልቅ ባለጠጎች ናቸው። እንግዲያው ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምንጭ ራሷ «ኤስ» ናት። በስም ላይ ስትሆን ብዛትን፣ በግስ ላይ ስትሆን ነጠላነትን ታመለክታለች። ልጁ አስቀድሞ የለመደው የስሙን ስለሆነ «ማይ ብራዘርስ ፕሌይስ» ብሎ ይጽፋል፤ በአማርኛ «ልጆቹ ይጫወታሉ» ሲል ስሙም ግሱም የብዛት ምልክት ይይዛሉና። ብዙዎቻችን ይህን ለማረም «ኤስ ከስሙ ወይም ከግሱ በአንዱ ላይ ብቻ ትግባ» የሚል አቋራጭ እናስተምራለን። አቋራጩ «ችልድረን» እና «ፒፕል» ዘንድ ሲደርስ ይሰበራል፤ ስሙ «ኤስ» ስለሌለው ልጁ በታማኝነት «ፒፕል ሴይስ» ይላል።

ሁለተኛው ምንጭ አክብሮት ነው። በአማርኛ «አያቴ ታመዋል» ስንል አያት አንድ ናቸው፤ ግሱ ግን የብዙ ነው። በቤቱ እንዲህ ሲናገር ያደገ ልጅ «ማይ ግራንድፋዘር አር ሲክ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሥነ ምግባሩን ወደ እንግሊዝኛ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ «እንግሊዝኛ አክብሮትን በግስ አያሳይም፤ አያትህንም ሕፃኑንም በአንድ ግስ ይጠራል» ብንለው ፈጥኖ ይረዳናል።

ሦስተኛው ምንጭ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «የመጻሕፍቱ ሳጥን ከባድ ነው» ስንል ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ቦክስ ኦፍ ቡክስ» ሲባል ዋናው ስም ቀድሞ፣ ከግሱ ጎን የሚቆመው «ቡክስ» ይሆናል። ልጁ የመጨረሻውን ስም እንደ ባለቤት ቆጥሮ «አር» ይላል። መድኃኒቱ ዐረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሶ «ከባድ የሆነው ምንድን ነው?» ብሎ ማስጠየቅ ነው።

ትዕግሥትም ያሻል። ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሦስት ሕፃናት 14 ሰዋስዋዊ ምዕላዶችን በምን ተራ እንደያዙ መርምሯል። የግሱ «ኤስ» ከስሙ የብዛት «ኤስ» በጣም ዘግይታ ትመጣለች። ባለቋንቋዎቹ ሕፃናት ዘንድ የዘገየችውን ከእኛ ተማሪ በአንድ ወር መጠበቅ አግባብ አይደለም።

አሁን ወደ ምዘናው ልለፍ። በምርጫ ጥያቄ ትክክለኛውን የሚያከብብ ልጅ በድርሰቱ ላይ ሊስት ይችላል፤ ደንብን ማወቅና ሐሳብ እየፈሰሰ ደንብን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸውና። ስለዚህ ድርሰትንም መመዘን ይገባናል። ነገር ግን ስሕተት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። አንድ ተማሪ «ኤስ» የምትፈለግባቸው 4 ቦታዎች ያሉበት ጽሑፍ ጽፎ 2ቱን ቢስት፣ ሌላዋ 20 ቦታዎች ጽፋ 5ቱን ብትስት፣ በቀይ ምልክት ብዛት የምትሸነፈው እርሷ ናት። በድርሻ ስናሰላ ግን የእርሱ 50 በመቶ፣ የእርሷ 75 በመቶ ነው። ብራውንም የተጠቀመበት መንገድ ይኸው ነው፤ «ኤስ» የግድ የምትፈለግበትን ቦታ ቆጥሮ ስንቱ ላይ እንደገባች ማየት፣ 90 በመቶ ሲደርስም ልጁ ይዞታል ማለት። ከዚህ ጋር ያለ ቦታዋ የገባችውን «ኤስ» ለብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሁሉም ግስ ላይ «ኤስ» የሚለጥፍ ልጅ መቶ ከመቶ ያገኛል።

ክፍሎቻችን ብዙ ተማሪ እንደሚይዙ አውቃለሁ። ሁሉንም ድርሰት እንዲህ ቁጠሩ አልልም። በመንፈቀ ዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንቀጽ ይበቃል። በኅዳጉም ከሦስቱ ምንጮች የትኛው እንደሆነ በአንድ ፊደል ማመልከት ይቻላል፦ «ብ» ለብዛት፣ «አ» ለአክብሮት፣ «ቅ» ለቅደም ተከተል። ያን ጊዜ ልጁ ስንት ጊዜ እንደሳተ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሳተም ያውቃል።

ያቺ ተማሪ ዛሬ ያን ድርሰት ብታመጣልኝ፣ መጀመሪያ ስለ አያቷ እጠይቃታለሁ። ቀጥሎ «አ» የሚለውን ፊደል በኅዳጉ ላይ አኖራለሁ፤ ሁለቱንም ገጽ እንደ ሁለት ገጽ እቆጥርላታለሁ።