50 ሚሊሜትሩ ሌንስ እንዴት 80 ሆነ?

ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ልኩ የተወረሰው ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ሲሆን፣ ይህን ልክ ያስፋፋችው በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው ላይካ ካሜራ ናት። የብዙ ካነን ካሜራዎች ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ግን አግድመቱ 22.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 36 ለ22.3 ሲካፈል 1.6 ያህል ይሆናል፤ ክሮፕ ፋክተር ማለት ይህ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ፈጽሞ አይለወጥም። ሌንሱ የሚጥለው ምስል ያው ነው፤ ትንሹ ሴንሰር መሃሉን ብቻ ይወስዳል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል። ስለዚህ በትንሹ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በሙሉ ፍሬም ላይ 80 ሚሊሜትር (50 በ1.6 ሲባዛ) ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ስፋት ብቻ ያሳያል። ዛፍ ላይ ያረፈ ወፍ ለሚያነሳ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በጠባብ ሳሎን ቤተሰብ ሰብስቦ ለሚያነሳ ግን ያስቸግራል፤ ወደ ኋላ እንዳይል ግድግዳው ይይዘዋል።