የምርምሩን ጥያቄ የሚመርጠው ማን ነው? ስለ ኢትዮጵያውያን የሳይንስ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች

በአሜሪካ ስለሚማሩ ኢትዮጵያውያን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ብዙውን ጊዜ «ይመለሳሉ ወይስ ይቀራሉ?» ወደሚለው ያዘነብላል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በሳይንስ ዘርፍ ላሉት ግን ከዚያ አስቀድሞ የሚወሰን ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ተማሪው አምስትና ስድስት ዓመት ዕድሜውን የሚያፈስበትን የምርምር ጥያቄ የመረጠለት ማን ነው የሚለው ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የኋላው የሥራ ጎዳና በአብዛኛው የሚቀየሰው እዚያ ላይ ነው።

የታሪክ ተማሪ ርእሱን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። የሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱ ወጪ ይከፈልለታል፤ ለኑሮውም ወርኃዊ አበል ያገኛል። አበሉ በማስተማር ረዳትነት የሚገኝ ካልሆነ፣ ምንጩ አማካሪው ፕሮፌሰር ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ከብሔራዊ የጤና ተቋማት ወይም ከመከላከያ መሥሪያ ቤት ያገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ደግሞ የተሰጠው ለተወሰነ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወባን ሊያጠና የመጣው ወጣት ስለ አይጥ ጉበት፣ የአፈር መሸርሸርን ያሰበውም ስለ ነዳጅ ጉድጓድ ሲጽፍ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም። ይህ የአሜሪካዊውም ተማሪ ዕጣ ነው፤ ልዩነቱ አሜሪካዊው አማካሪ ቢለውጥ የሚያጣው ጊዜውን ሲሆን፣ የእኛው ልጅ አበሉ ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዱም አደጋ ላይ መውደቁ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀባት ቤድፎርድ በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በስተደቡብ በአርሊንግተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በስተምሥራቅም በዳላስ ያለው የሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል በመኪና ቅርብ ናቸው፤ መኪና ለሌለው ግን የትም ቅርብ አይደለም። ተማሪው ከአበሉ ላይ የቤት ኪራዩን፣ የመኪናውንና የኢንሹራንሱን ከፍሎ፣ ከተረፈው ለታናናሾቹ ትምህርትና ለእናቱ መድኃኒት ይልካል። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ፣ ከግቢ ውጭ ደግሞ ያለ ፈቃድ ጨርሶ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። አገር ቤት ያለው ዘመድ ግን «አሜሪካ ያለው ልጃችን» ይላል እንጂ «በሳምንት 20 ሰዓት የተፈቀደለት ልጃችን» አይልም።

ከሁሉ የሚከብደው የሐዘን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲያገለግል ወሰነ። ወዳጆቹ በማለዳ ተሰብስበው መርዶ ያረዱት ተማሪ አባቱን ሊቀብር ቢሄድ፣ ለመመለስ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ግዴታው ይሆናል ማለት ነው። ቪዛው ቢዘገይ የጀመረው ሙከራ ይበላሻል፤ ቢከለከል የዓመታት ድካሙ መና ይቀራል። ስለሆነም ለቅሶውን አፓርታማው ውስጥ ተቀምጦ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ላቦራቶሪው ይመለሳል።

ጥያቄያቸው ከአገራቸው ምድር የበቀለ ምሁራን አልጠፉም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዝያ ምርምራቸው መነሻ ሆነ። የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ግን ለርእሳችን ይበልጥ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ሲመረቁ ያገኟቸው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ጆን አክስቴል የማሽላ ተመራማሪ ነበሩ፤ በላይሲን የበለጸገው ማሽላ የተለየውም ከኢትዮጵያ ዘሮች ነበር። እንግዲህ የአማካሪው ጥያቄና የተማሪው አገር ሰብል አንድ ሆነው ተገኙ። ገቢሳ ዶክትሬታቸውን በ1978 ሲያገኙ አገር ቤት ቀይ ሽብር ነበረ፤ ወደ ሱዳን አመሩ። በ1983 «ሃጊን ዱራ 1» የተባለውን ዲቃላ ማሽላ አበረከቱ፤ ኋላም በፐርዱ በአቀንጭራ ላይ የሠሩት ሥራ ተጨምሮ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አስገኘላቸው። እንዲህ ያለው መገጣጠም ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው።

ሁሉም ጥያቄ ከማሽላና ከእንዶድ ይወለድ ማለታችንም አይደለም። በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር የተሰደዱት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የነዳጅ ሴልን ምርምር መርጠው ስመ ጥር ሆነዋል፤ ኢትዮጵያዊነታቸውን የሚጠራጠር የለም።

ከምረቃ በኋላም መራጩ ያው ፈቃዱ ነው። ተመራቂው የ12 ወር የሥራ ልምምድ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ለሳይንስና ለምሕንድስና እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የ24 ወር ማራዘሚያ ተፈቅዷል። ቀጥሎ የሚመጣው የኤች ዋን ቢ ቪዛ በዓመት 65,000፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላገኙ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ኮታ አለው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከኮታው ነጻ ናቸው። ብዙዎች በአነስተኛ ደመወዝ ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት የሚዘዋወሩት ለሳይንስ ፍቅር ብቻ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ስለዚህ በዕድሜ የገፋን ምሁራን ለአዲስ ተማሪ የምንሰጠው ምክር «በርታ» ከሚለው ያለፈ መሆን ይኖርበታል። የቅበላ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት የአማካሪው ገንዘብ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ የቀደሙት ተማሪዎች የት እንደደረሱ፣ ከአገር ቤት ዘር ወይም ናሙና ማስመጣት ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅ። ይህ የመጨረሻው ከተፈቀደለት፣ የኢትዮጵያን ፈቃድ ቀደም ብሎ ማመልከት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 ያለ ፈቃድ አንዲት ፍሬ እንኳ ከአገር እንድትወጣ አያሰናብትም።