ስንቁ ለምን ቶሎ አለቀ?

በደብረ ብርሃን ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሄደው እንጀራውን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ለአምስት ቀን የተሰናዳው ስንቅ በሁለት ቀን ያለቀ እንደሆነ እናት «ልጄ አደገ፣ ሆዱም ሰፋ» ብላ ደስ ይላት ይሆናል። ነገር ግን በሶውን የበላው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አብሮ የሚኖረው ወይም በመንገድ የሚጠብቀው ጉልበተኛ ስንቁን ይቀማል፤ ውሃ ያስቀዳል፤ ልብስ ያሳጥባል። ታናሹም አይናገርም፤ ቢናገር ትምህርቱን አስጥለው ወደ ከብት ጥበቃ እንዳይመልሱት ይፈራልና። ስለዚህ ከአፉ ይልቅ ዕቃውን መመልከት ይሻላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በኅዳር ውርጭ «ጋቢዬን ረሳሁት» የሚል ልጅ በእውነት ረስቶት ነውን? ደብተሩ በየጊዜው የሚቀደድ፣ ሰኞ ጧት ሆዱን የሚቆርጠው፣ አቋራጩን ትቶ በዙሪያ መንገድ የሚሄድ ልጅም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ስምም ይመታል። በአንኮበርና በአካባቢው ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸማ የሚሠሩ ሰዎች ልጆች «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደባሉ፤ አጠገባቸው መቀመጥን የሚጠላም አለ። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ያ ስድብ እስከ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት የሚሰማው ከየት መጥቶ ነው? ልጆቹ ከየቤታቸው ምድጃ ዳር ተምረውት ነው። ስለዚህ የሚሰደበው ልጅ ወላጅ ብቻ ሳይሆን የተሳዳቢውም ወላጅ ይጠየቅበታል።

«አንተም ምታው» የሚሉ አባቶች አሉ። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ያጠናው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ ከተራ የልጆች ጠብ የሚለይበትን ምልክት አስቀምጧል፤ ይኸውም ሆን ተብሎ፣ እየተደጋገመ፣ ጉልበታቸው ባልተመጣጠነ ልጆች መካከል የሚደረግ መሆኑ ነው። ጉልበት ካልተመጣጠነ የአባት ምክር ልጁን ለሁለተኛ ዱላ ያዘጋጀዋል።

ወደ ጉልበተኛው ቤት ገስግሶ መሄድም አደገኛ ነው፤ የልጆች ነገር የሁለት ቤተ ሰብ ቂም ሲሆን አይተናል። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት በአጠገባችሁ አድርጋችሁ የምታስተምሩ ወጣት ሠራተኞች፣ የገጠሩ አባት ወደ ከተማ እስኪመጣ አትጠብቁ። በመጀመሪያ ልጁን ሳትቆጡ አዳምጡት፤ መቼና የት እንደ ሆነ ጻፉ፤ ከዚያ የክፍል ኃላፊውን መምህር ለብቻው አነጋግሩ። የመቀመጫ ለውጥ፣ በዕረፍት ሰዓት ጠባቂ መምህር፣ ወደ ቤት የሚሸኝ ጓደኛ መጠየቅ አያሳፍርም። አብሮ የሚኖረው ልጅ ራሱ ጉልበተኛው ከሆነ ግን የኪራዩ ገንዘብ ቢጠፋም ቤቱን መለወጥ ነው።

መምህሩ «ጥሩት፣ በአለንጋ እቀጣዋለሁ» ያለ እንደሆነ አትስማሙ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ደግሞስ የተገረፈ ጉልበተኛ አለንጋውን የሚመልሰው በማን ላይ ነው? ማታ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ታናሹን ያገኘዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ መምህሩንም ጠይቁ፤ አገልግሉንም ከፍታችሁ ስንቱ ቀን እንደ ቆየ እዩ።