ማስታወቂያው ለእኛም ነው የተለጠፈው

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን የቆየ አባባል ዛሬ በአደባባይ ደፍሮ የሚደግፍ ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የሠፈር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከየቤቱ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር ብንመለከት፣ አባባሉ ከአፋችን ቢጠፋም ከቤታችን ገና እንዳልወጣ እንገነዘባለን። ውድ አንባቢ፣ እርስዎ በቀበሌ ስብሰባ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኙት መቼ ነው?

ይህን ስጠይቅ ራሴን ነጻ አውጥቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሠፈር ስለ ቦኖ ውሃ መክፈቻ ሰዓት ለመወያየት ነዋሪው ሁሉ እንዲገኝ የሚል ማስታወቂያ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በአጠገቡ ተመላለስሁ፤ አነበብሁትም። «ሌሎቹ ይሄዱ የለም?» ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቶቼም እንደዚሁ አሉ። ስብሰባው የተጠራው ቅዳሜ ጠዋት ስለ ነበር ግማሾቻችን ገበያ፣ ግማሾቻችን ልብስ አጠባ ላይ ነበርን።

የተገኙት ጥቂት ሰዎች ቦኖው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንዲከፈት ወሰኑ። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው በመካከላቸው አልነበረም። በጉሊት ንግድ የሚተዳደሩት እናቶች በዚያ ሰዓት ሥራቸው ላይ ናቸው። ስለዚህ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች ልጆቻቸው ሆኑ። ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ በ2 ሰዓት ነው። የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ እያረፈደች ከትምህርት ቤት በር ተደጋግማ ተመለሰች። እናቷ ወላጅ ተብላ ስትጠራ ነው ነገሩ ለሁላችን የገባን። እኛ ዓይተን ያለፍነው ወረቀት በሕፃን ልጅ ትከሻ ላይ ሸክም ሆነ።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ጉዳዩን በመጀመሪያ በሴቶች ዕድር አነሣነው። የሚናገሩ ሁለት እናቶች መረጥን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም ከኋላቸው ተቀመጥን። የልጅቱ እናት ተነሥታ «እኔ ቲማቲሜን ትቼ ልቅዳ ወይስ ልጄ ትምህርቷን ትታ ትቅዳ?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያው ዕለት ቦኖው ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲከፈት ተወሰነ። ውይይቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚባለው ለካ ለውሃ ወረፋም ይሠራል!

በከተሞቻችን የነዋሪዎች ማኅበራት በቀበሌ የተደራጁት በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ሥራውን ወረዳው ቢይዘውም ብዙዎቻችን «ቀበሌ» ማለታችንን አልተውንም። ስሙ ምንም ይሁን፣ ለቤታችን የቅርብ መንግሥት እርሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6፣ በተለይ የሴቶችን ጥቅም በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችን ሊጠየቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። እንግዲህ በስብሰባ መገኘት መብት እንጂ ሰው የሚቸረን ውለታ አይደለም።

ከማስታወቂያ ሰሌዳው የሚቀር ሰው የሚያጣው ውሃ ብቻ አይደለም። ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ያዝዛል፤ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለውም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የእድሳቱ ወቅት ያመለጣት እናት፣ ልጅ ሲታመም የመታከሚያ ገንዘብ ፍለጋ የሰው ደጅ ልትጠና ትችላለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሳምንት አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ በሰሌዳው አጠገብ ቆም እንበል። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሉን ያነበብነውን ቡና ላይ እንንገራቸው፤ ማስታወቂያው በስልክ በቴሌግራም የሚተላለፍ ከሆነም ስልክ ለሌላቸው እናድርስ። የስብሰባው ሰዓት ለእናቶች የማይመች ከሆነ ቀደም ብለን እንዲለወጥ እንጠይቅ። ከስብሰባው በፊት በዕድርና በዕቁብ ተመካክረን አንድ ግልጽ ጥያቄ ይዘን እንሂድ፤ ብዙ ጉዳይ በአንድ ጊዜ ማንሣት አንዱንም ያስረሳል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ መስፈሩን እናረጋግጥ፤ ከወር በኋላም «የት ደረሰ?» እንበል። አቤቱታችን በወረዳም በክፍለ ከተማም መልስ ካጣ፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

አባቶችና ባሎችም ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ባለቤትዎ ስብሰባ በምትሄድበት ሰዓት ሕፃኑን መያዝና ምድጃውን መጠበቅ ክብርዎን አይቀንሰውም። የቤቱን ችግር አሳምራ የምታውቀው እርሷ ናትና ስትናገር የሚጠቀመው መላው ቤተሰብ ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርቷን ቀጥላለች። በየጠዋቱ ደብተሯን ይዛ በደጃችን ስታልፍ ባየኋት ቁጥር ያ ያለፍሁት ወረቀት ትዝ ይለኛል። በእርስዎስ ሠፈር ሰሌዳ ላይ በዚህ ሳምንት ምን ተለጥፏል?