ያልታወቀውን ቁጥር ስለ መፈለግ

ልጅ የሚማረው ከመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ማታ በምድጃ አጠገብ የሚሰማው ቃልም ያበረታዋል ወይም ያሰንፈዋል። በሒሳብ ትምህርት በቁጥር ፈንታ ፊደል መጻፍ ሲጀመር ብዙ ልጆች ይደነግጣሉ፤ ወላጆችም «ይህስ ለእኛ አልተሰጠንም» ይላሉ። ይልቁንም ተማሪዋ ሴት ልጅ ስትሆን «ይቅርብሽ» ማለት ይቀላል። በዚህ አንድ ቃል ግን የሐኪምነትና የመሐንዲስነት ደጅ ይዘጋባታል። ስለዚህ ወላጅ አልጀብራ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ቢያውቅ ለቤቱ ይጠቅማል።

ነገሩም ለአንኮበር አገር እንግዳ አይደለም። ከጎረቤላ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቁልቁለት የሚገኘው አልዩ አምባ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበር። በዚያ ዘመን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበርና በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ቁጥር እንደ መንገዱ ርቀትና እንደ ጊዜው ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ይህን የሚለዋወጥ ቁጥር «ሀ» ብለን እንጥራው። የ5 ብር ምንዛሪ 5 ጊዜ ሀ ነው፤ በአጭሩ 5ሀ ተብሎ ይጻፋል። ነጋዴው አስቀድሞ 10 አሞሌ ቢኖረው ጠቅላላው 5ሀ + 10 ይሆናል። ይህ መግለጫ ይባላል፤ እንደ ሐረግ ነው እንጂ ገና ዐረፍተ ነገር አልሆነም። ሁሉ ተቆጥሮ 110 አሞሌ ቢገኝ ግን 5ሀ + 10 = 110 ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙም እኩልታ ይባላል።

እኩልታ እንደ ሚዛን ነው፤ ከአንዱ ወገን የተነሣው ከሌላውም ካልተነሣ ያጋድላል። ከሁለቱም ወገን 10 ቢነሣ 5ሀ = 100 ይቀራል፤ ሁለቱም ለ5 ቢካፈሉ ሀ = 20 ይሆናል። እውነት መሆኑን ለመረዳት 20ን በሀ ቦታ መመለስ ነው፤ 5 ጊዜ 20 መቶ፥ 10 ሲጨመርበት 110። ልጆች አዘውትረው የሚስቱት 5ሀ + 10ን 15ሀ በማድረግ ነው። ነገር ግን 5 ብርና 10 አሞሌ ያለው ሰው 15 ብር አለኝ ሊል አይችልም።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ይህን የመሰለ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ በእነርሱ ዘንድ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸውና። ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይተርፋል። መጥቅዕን «መ» ብንለው 12 + መ = 30 ነውና መ = 18 ይሆናል። በሌላው መንገድ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ቢገደፍ ያው 18 ይወጣል።

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው አል ኽዋሪዝሚ የተባለው ሊቅ በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። «ጀብር» በዐረብኛ የጐደለውን መመለስ ማለት ሲሆን፥ የተሰበረ አጥንትን ለሚጠግን ለወጌሻ ሥራም ይነገራል። እርሱ ሁሉን በቃል ይጽፍ ነበር፤ የእኩልነትን ምልክት (=) የዌልሱ ሰው ሮበርት ሬኮርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1557 በመጽሐፉ አወጣው።

እንግዲህ ፊደል ያልቈጠረች እናትም ልጅዋን ሦስት ነገር ልትጠይቃት ትችላለች፤ ያልታወቀው ምንድር ነው? በሁለቱም ወገን እኩል ያደረግሽው ምንድር ነው? ያገኘሽውን በቦታው መልሰሽ ፈትነሽዋልን? ልጅቱ ለእናትዋ ለማስረዳት ስትደክም ራስዋ ትረዳዋለች፤ የጎረቤላ እናት በገበያ ሚዛን ላይ የማታሳልፈውን ጉድለት ልጅዋም በደብተርዋ ላይ ማሳለፍን ትተዋለች።