ሳህኑ ላይ ያማረው ቅንጅት

ሜቲሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ ደም ውስጥ ሲገባ «ለምን ሁለት አንቲባዮቲክ አትደርቡም?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ 96 ጉድጓድ ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ አንዱን መድኃኒት ወደ ጎን፣ ሌላውን ወደ ታች እያቀጠንን እንሞክራለን። በማግስቱ የደፈረሰው ጉድጓድ ውስጥ ባክቴሪያው አድጓል፤ ጥርት ባለው ተገትቷል። ቫንኮማይሲን ከፍሉክሎክሳሲሊን ጋር እዚያ ላይ ያምራል።

ሰው ላይስ? በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በሲንጋፖርና በእስራኤል ተካሂዶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ካሜራ-2 ጥናት ይህንኑ ዓይነት ቅንጅት ፈተነ። ባክቴሪያው ከደም ቶሎ ጠፋ፤ ሞት ግን አልቀነሰም። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው አንድ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 6፣ ከተደረበላቸው 23 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ቆመ። እኔም ቅንጅት ሲታዘዝ መጀመሪያ የማየው የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን የክሪያቲኒን ውጤት ነው።